ከዘንዶው ቀጥሎ ማን ይመጣል?

በፈረንጆቹ 2022 ነሐሴ ላይ ዋሽንግተን ከተማ ያለ አንድ ፍርድ ቤት ስለ መጽሐፍ ሲያከራክር ከረመ። የዓለማችን ትልቁ የልብ ወለድ አሳታሚ ፔንግዊን ራንደም ሃውስ፣ ሳይመን ኤንድ ሹስተር የተባለውን ሌላ ትልቅ አሳታሚ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ሊጠቀልለው ፈልጎ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ ይህ ከሆነማ ደራሲዎች የሚደራደሩበት አማራጭ ይጠባቸዋል ብሎ ከሰሰ። በክርክሩ መሐል የፔንግዊን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማርከስ ዶሌ ምስክርነት ሰጡ። የሰጡት ቃል እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ በመጽሐፍ ንግድ ውስጥ ስኬትም ሆነ ከፍተኛ ሽያጭ የዕድል ነገር ነው አሉ። ዳኛዋ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ግዢውን አገዱት።

ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባላል። እኒህ ሰውዬ ግን ጠንቋይ አይደሉም፤ በየዓመቱ ስፍር ቁጥር የሌለው መጽሐፍ የሚያሳትም ድርጅት ይመሩ የነበሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ካላወቁት «በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ምን ያነባል?» የሚለውን ማን ያውቀዋል?

ጥያቄው የልጄ ነው። 16 ዓመቷ ነው። ፋንታሲ የሚባለውን የልብ ወለድ ዓይነት፣ ማለትም አስማት፣ ዘንዶ፣ የሌለ አገርና የሌለ ንጉሥ ያለበትን ታሪክ፣ ስልኳ ላይ ተደፍታ በእንግሊዝኛ ታነባለች። ካለፈው ክረምት ወዲህ ደግሞ ራሷ መጻፍ ጀምራለች። አንድ ማታ ራት ላይ ሹሮዋን እየጠቀለለች፣ «አባዬ፣ እኔ እስክጨርሰው ድረስ የዘንዶ ፋሽን አያልፍም?» አለችኝ። እናቷ ሳቀች። እኔ ግን ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ልጅቷ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት «በአማርኛ ማን ያነብልኛል?» ትለኛለች። እንግዲህ ፋሽኑን ማወቅ የፈለገችው የትኛውን ታሪክ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ለማን እንደምትጽፍ ለመወሰን ነው። ጉርምስናዋን የሚወስድ ሥራ ስለሆነ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ስለዚህ እንደ አባትም እንደ አንባቢም ነገሩን ጊዜ ሰጥቼ አጠናሁት። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ካልጠቀስኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋንታሲ እንደ ልብስ ፋሽን አለው። እንደ ልብስ ግን ቶሎ አይቀየርም። ጄ. አር. አር. ቶልኪን የሚባሉት የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን በሦስት ቅጽ ያወጡት በ1954 እና 1955 ነው። አሜሪካ ውስጥ በየዩኒቨርሲቲው የተማሪ መነጋገሪያ የሆነው ግን ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1965 ዋጋው ርካሽ በሆነ ስስ ሽፋን ሲታተም ነበር። ለዚያውም ቀድሞ ያወጣው አሳታሚ ደራሲውን አላስፈቀደም። ያለ ፈቃድ ማተም የኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ቀጥሎ በ1977 ቴሪ ብሩክስ «ዘ ሶርድ ኦፍ ሻናራ»ን አወጣ። ሐያሲዎች «ይህማ ቁርጥ ቶልኪን ነው» ብለው አብጠለጠሉት። መጽሐፉ ግን እንደ ጉድ ተሸጠ። አሳታሚዎች ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባቸው። አንባቢ የወደደውን ነገር ደግሞ ሲያገኘው አይሰለቸውም፤ ሁለተኛ ሳህን ወጥ እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ለ20 ዓመት ያህል ፋንታሲ ማለት ሰይፍ፣ ረጅም ጉዞና ጨለማ ጌታ ሆኖ ቆየ።

የሃሪ ፖተርን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፤ በአጭሩ ልለፈው። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ 12 አሳታሚዎች መልሰውባታል። በ1997 የመጀመሪያው እትም 500 ቅጂ ብቻ ነበር። ዛሬ የተሸጠው ከ500 ሚሊዮን በላይ ነው። በወቅቱ ስለ አስማት ትምህርት ቤት የሚያወራ የልጆች መጽሐፍ ቀጣዩ ፋሽን ይሆናል ብሎ የተነበየ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ 12ቱ አይመልሱትም ነበር።

ከዚያ በ2005 ስቴፈኒ ሜየር «ትዋይላይት»ን ይዛ መጣች፤ ደም መጣጭን የምታፈቅር ልጃገረድ። በ2008 «ዘ ሃንገር ጌምስ» ተከተለ። ፋንታሲ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወውና፣ ልጆች እስከ ሞት ስለሚፈተኑበት ውድድር ነው የሚተርከው። በ2011 ደግሞ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በቴሌቪዥን ጀመረ። የጆርጅ ማርቲን መጽሐፍ ግን የታተመው በ1996 ነው። ልብ በሉ፤ ከሃሪ ፖተር አንድ ዓመት ይቀድማል። ዓለምን ያዳረሰው ግን 15 ዓመት ዘግይቶ ነው።

ዛሬ ያለንበት ፋሽን ሮማንታሲ ይባላል። ፍቅርና ፋንታሲ ተዳቅለው የወለዱት ስም ነው። በ2023 ሬቤካ ያሮስ «ፎርዝ ዊንግ» የሚል መጽሐፍ አሳተመች። ያሮስ የስድስት ልጆች እናት ናት፤ ከዚያ በፊት ትጽፍ የነበረው ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ዘንዶ ጋላቢዎችን ስለሚያሠለጥን የጦር ትምህርት ቤት ነው። የተከታታዩ ሦስተኛ ክፍል «ኦኒክስ ስቶርም» በ2025 ጥር ወር ሲወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ 2.7 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ለአዋቂ ከሚጻፉ ልብ ወለዶች በ20 ዓመት ውስጥ እንዲህ በፍጥነት የተሸጠ የለም ተባለ።

እዚህ ጋ አንድ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። በ1997 የ10 ዓመት ልጅ ሆና ሃሪ ፖተርን የጀመረች አንዲት አንባቢ እናስብ። «ትዋይላይት» ሲወጣ 18 ዓመቷ ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በቴሌቪዥን ሲጀምር 24 ሆናለች። «ፎርዝ ዊንግ» ሲወጣ 36፤ ምናልባትም እንደ ደራሲዋ የልጆች እናት። አሁን «ፎርዝ ዊንግ»ን ገልጣችሁ ብታዩት ውስጡ ያለው ምንድን ነው? የአስማት ትምህርት ቤት አለ፣ አደገኛ ሆኖ የሚማርክ ወንድ አለ፣ ያልበረታ የሚሞትበት ፈተና አለ፣ ዘንዶና የቤተ መንግሥት ሸር አለ። የዚያች አንባቢ የ25 ዓመት ንባብ በአንድ ትሪ ላይ እንደ በያይነቱ ተደርድሮ ቀረበላት ማለት ነው። ታዲያ ለምን አትበላ!

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ሰው ዘንዶ ሰለቸው፣ አሁን ደግሞ የዘንዶን ተቃራኒ ይፈልጋል» እያሉ የሚተነብዩ ሰዎች አሉ። ያለፈውን ስንመለከት ግን አዲሱ ፋሽን የአሮጌው ጠላት አልነበረም፤ ልጁ ነበር። አንባቢ ልጅ ሆኖ የለመደውን ጣዕም ይዞ ያድጋል፤ ካደገ በኋላ ያንኑ ጣዕም በአዋቂ ሳህን ይፈልገዋል። ስለዚህ ከ10 ዓመት በኋላ ምን እንደሚነበብ ማወቅ የፈለገ ሰው የመጽሐፍ መደርደሪያውን ትቶ የዛሬ 12 ዓመት ልጆች ምን ላይ እንደተጣዱ ይይ።

ይህን ስል ትንበያው ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። የጣዕሙን አቅጣጫ ማወቅ ይቻል ይሆናል፤ የትኛው መጽሐፍ እንደሚያሸንፍ ማወቅ ግን ሌላ ነው። በ2006 ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንካን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን ሰብስበው 48 ያልታወቁ ዘፈኖችን አቀረቡላቸው። የተወሰኑት ብቻቸውን ሰምተው የወደዱትን መረጡ። ሌሎቹ ደግሞ በ8 የተለያዩ ቡድኖች ተከፍለው፣ በየቡድናቸው ሌላው ሰው ምን እንደመረጠ እያዩ መረጡ። ዘፈኖቹ በሁሉም ዘንድ ያው ናቸው። ውጤቱ ግን ለየቅል ሆነ። አንዱ ዘፈን በአንዱ ቡድን 1ኛ ሲወጣ በሌላው 40ኛ ወጣ። በጣም ጥሩዎቹ እምብዛም አይወድቁም፣ በጣም መጥፎዎቹ እምብዛም አይነሱም፤ በመሐል ያለው ግን ማን ቀድሞ እንዳጨበጨበለት ይወስነዋል። ሰርግ ቤት መጀመሪያ የሚነሣ ሰው ሲገኝ ሁሉም ተነሥቶ እስክስታ እንደሚወርደው ነው። የሚነሣ ሲጠፋ ያው ዘፋኝ፣ ያው ዘፈን፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይቀራል። ዶሌ ፍርድ ቤት ያሉት ከሞላ ጎደል ይህንኑ ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ ጊዜ። አንድ ትልቅ አሳታሚ መጽሐፍ ለመግዛት ከተዋዋለበት ቀን አንስቶ መጽሐፉ ሱቅ እስኪገባ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል። የመጻፊያውን ጊዜ ጨምሩበት። ስለዚህ ዛሬ መደርደሪያ ላይ የምናየው ዘንዶ የዛሬ ሁለት ዓመትና ከዚያ በፊት የተወሰነ ዘንዶ ነው። ዛሬ የዘንዶ መጽሐፍ የሚጀምር ሰው የሚደርሰው ሰርጉ ሊበተን ሲል ነው። ልጄ በደመ ነፍስ የጠረጠረችው ይህንን ነው።

ይህን መዘግየት የሚዘሉት በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙ ደራሲዎች ናቸው። ትራቪስ ባልድሪ የተባለ የኦዲዮ መጽሐፍ ተራኪ በ2021 ኅዳር ወር የጀመረውን ልብ ወለድ በ2022 የካቲት ላይ ራሱ አሳተመው። «ሌጀንድስ ኤንድ ላቴስ» ይባላል። በዚያው ዓመት አንድ ትልቅ አሳታሚ ወስዶ በድጋሚ አወጣው። ታሪኩ ለኛ ሰው ልዩ ጣዕም አለው። አንዲት በሰይፍ ስትተዳደር የኖረች ግዙፍ ተዋጊ ጦርነት ይበቃኛል ብላ፣ ቡና የሚባል ነገር በማይታወቅበት ከተማ ቡና ቤት ትከፍታለች። ዓለምን ማዳን የለ፣ ጨለማ ጌታ የለ። ሰፈርተኛው ይህን ጥቁር መጠጥ ይወደው ይሆን የሚለው ነው ጭንቁ። በመጽሐፉ ውስጥ ቡናን የሚያመጡት ድንክዬ ፍጡራን ናቸው። ካልዲና ፍየሎቹ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር! ለማንኛውም ይህ ዓይነቱ «ኮዚ ፋንታሲ» ይባላል፤ የምድጃ ዳር ፋንታሲ ብንለው ያስኬዳል። በኮቪድ ማግስት ሰው ዕረፍት ፈልጎ ስለነበር ጊዜውን አገኘ። ይቀጥላል ብዬ አምናለሁ፤ ዓለምን የሚያጥለቀልቅ ግን አይመስለኝም። ሰላም ያለበት መጽሐፍ ይነበባል እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አያስነቅልም።

ሌሊቱን ሙሉ የሚያስነቅለው ሌላ ነው። ወደ 12 ዓመት ልጆች እንመለስ። የእኔ ትንሹ ልጅና ጓደኞቹ ጌም ላይ ናቸው። ጌም ባይሆን የጃፓን አኒሜ፣ አኒሜ ባይሆን የኮሪያ ሥዕላዊ ታሪክ ነው፤ ስልክ ላይ ወደ ታች እየሳቡ የሚያነቡት። «ሶሎ ሌቨሊንግ» የሚባለውን ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። በ2016 በኮሪያ በተከታታይ የቀረበ ልብ ወለድ ነበር፤ ቀጥሎ ሥዕላዊ ታሪክ ሆነ፤ በ2024 አኒሜ ሆኖ መጣ። ከሁሉ ደካማ የሆነ አንድ ወጣት እንደ ጌም ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ኃያል ሲሆን ነው የምናየው። አሜሪካዊው ማት ዲኒማን ደግሞ በ2020 «ደንጀን ክሮውለር ካርል»ን በራሱ አሳተመ፤ በ2024 ትልቅ አሳታሚ በጠንካራ ሽፋን አወጣው። ምድር ፈርሳ አንድ ሰውና ቀድሞ የፍቅር ጓደኛው የነበረች ሴት ድመት በግዙፍ የጌም ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳሉ። ጀግናው ነጥብ ያገኛል፣ ደረጃ ይጨምራል፣ ዕቃ ይሸለማል። አዋቂ ሲያነበው «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ልብ ወለድ ነው?» ይላል። ጌም ተጫውቶ ያደገ ልጅ ግን እንደ እናቱ ቋንቋ ይረዳዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትንበያዬ ይኸው፤ ከ10 ዓመት በኋላ በብዛት የሚሸጠው ፋንታሲ የጌም አጥንት ይኖረዋል። ዛሬ የሮማንታሲ አንባቢዎች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የነጥብና የደረጃ ታሪክ ደግሞ እስካሁን ይበልጥ የወንዶች ሰፈር ነው። ሁለቱን መደርደሪያ የሚያጋባ ደራሲ ሲመጣ፣ ያሮስ ፍቅርንና ዘንዶን እንዳጋባችው፣ ገበያው ይፈነዳል። ማን እንደሚሆን አይታወቅም፤ ስለ 48ቱ ዘፈኖች ነግሬያችኋለሁ።

ሁለተኛው ትንበያዬ ወደ ቤታችን ይጠጋል። በ2018 ናይጄሪያዊ አሜሪካዊቷ ቶሚ አዴየሚ የዮሩባን አማልክት መሠረት አድርጋ «ቺልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን»ን አወጣችና በአሜሪካ የወጣቶች መጽሐፍ ገበያ ላይ ነገሠች። በዚያው ዓመት ጥቁር አሜሪካዊቷ ኤን. ኬ. ጀሚሲን ሂዩጎ የተባለውን ትልቁን የዘርፉን ሽልማት በተከታታይ ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደች። አንባቢው በእንግሊዝ ጫካና በአየርላንድ ተረት ብቻ መወሰኑ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አገር የአያቶቹን ተረት እያወጣ ገበያ ላይ እያቀረበ ነው።

እኛስ? የእኛ ተረት ያለ እኛ ገበያ ወጥቷል። በ2021 ሎረን ብላክዉድ የተባለች ጃማይካዊ አሜሪካዊት «ዊዚን ዚዝ ዊክድ ዎልስ» የሚል ልብ ወለድ አሳተመች። ከኢትዮጵያ መንፈስ የተቀዳ ነው። ጀግናዋ አንድሮሜዳ የተባለች ልጅ ስትሆን ሥራዋ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ደብተራ! ከሀብታም ቤት ውስጥ ክፉ ዓይንን ለማስወጣት ትቀጠራለች፤ ክታቧን ከብር ትሠራለች። ሳነበው ደስታና ቅናት አንድ ላይ ያዙኝ። ደስታው፣ ደብተራ የሚለው ቃላችን በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሳይተረጎም ቆሞ ማየቴ ነው። ቅናቱ ግልጽ ነው። ደራሲዋን አልወቅሳትም፤ በር ክፍት ሆኖ አግኝታ ገብታለች። ግን ብራና ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የተጻፈ ክታብ አንገቱ ላይ ያሠረ ዘመድ ያለው ሰው፣ ያንኑ ታሪክ ሲጽፈው ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር።

ለዘንዶማ እኛ ማንን እንቀናለን? ከንጉሥ ሰሎሞን ዘር በፊት አገሩን ገዛ የሚባለው እባቡ ንጉሥ አርዌ አለ፤ በተመረዘ ፍየል ተታልሎ ሞተ፣ ገዳዩም ነገሠ ይባላል። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ገደል ላይ ያወጣቸው ዘንዶ አለ፤ ያኛው እንኳ ደግ ነው። ሐረር ላይ ደግሞ በዓሹራ ዕለት ለጅቦች በቅቤ የራሰ ገንፎ ቀርቦ፣ ጅቦቹ እንዴት እንደበሉት ታይቶ የመጪው ዓመት ዕድል ይገመታል። ለአሳታሚዎቹም ሳይሻል አይቀርም።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ አለ፤ የውጭ ሰው በቀላሉ የማያየው። ቡዳ ወይም ክፉ ዓይን ለፈረንጅ አንባቢ ማራኪ ጌጥ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባሉ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቤተ እስራኤላውያን ሲገለሉ፣ ሲሰደቡ፣ ልጅ ሲነፈጋቸው ኖረዋል። ይህን ተረት የሚጽፍ ሰው የማንን ጓሮ እየረገጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ለእኔ ከአገር ውስጥ ደራሲ የሚጠበቀው ትልቁ ብልጫ ይኸው ነው፤ ተረቱንም፣ ተረቱ የጎዳውንም ሰው አብሮ ያውቃል።

«በአማርኛ ማን ያነባል?» ለሚለው የልጄ ጥያቄም መልስ ያለ ይመስለኛል። የአማርኛ ልብ ወለድ የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም ታሪኩ ምንድን ነበር? የማይታወቅ ዘመን፣ ጦርነት፣ ወንድ መስላ የምትጓዝ ቆንጆ ልጃገረድ። ዛሬ ቢታተም መደርደሪያው የት እንደሚሆን እናንተው ፍረዱ። በእኛ ዘመን ደግሞ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ወረፋ ያስያዘ መጽሐፍ ነበር፤ የጣና ገዳማትን ከሳይንስና ከስለላ ጋር ያጋባ ታሪክ ነው። ቆይቶ የዓለማየሁ ዋሴ «እመጓ» መጣ፤ እሱም ጥንታዊ ገዳምና ምስጢር ነው። ሁለቱም ፋንታሲ ተብለው አልተሸጡም። የአማርኛ አንባቢ ግን ከገዛ ምድሩ የወጣ ምስጢር ሲያገኝ ገዝቶ እንደሚያነብ አሳይተዋል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መጽሐፍ የሚያዞር አንድ ደንበኛዬን ጠይቄው ነበር። «ጋሼ፣ ልጆች ይጠይቁኛል፤ ግን የምሰጣቸው የለኝም» አለኝ። ያለው እንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋውም የወላጅን ኪስ አይምርም። ወረቀት በተወደደበት ዘመን ወፍራም መጽሐፍ ማሳተም ፈተና መሆኑን አልክድም። ቢሆንም ጠያቂ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ከትንበያው ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሮማንታሲ መጽሐፍ ሽፋን አበባ፣ አክሊልና ዘንዶ የተሣለበት፣ የልጆች መጽሐፍ የሚመስል ነው። ውስጡ ግን ብዙውን ጊዜ በግልጽ የተጻፈ የመኝታ ቤት ትዕይንት አለበት። የሣራ ጄ. ማስ «ኤ ኮርት ኦፍ ዞርንስ ኤንድ ሮዝስ» በ2015 ሲወጣ በወጣቶች መጽሐፍነት ነበር የቀረበው፤ በኋላ ሽፋኑ ተቀይሮ ለአዋቂዎች ሆኗል። «ፎርዝ ዊንግ»ም ከመጀመሪያው ለአዋቂ የተጻፈ ነው። ልጃችሁ የ12 ዓመት ከሆነች ዘንዶውን አይታችሁ ብቻ አትግዙላት፤ መሐሉን ገለጥ ገለጥ አድርጉት። ቀድማ አንብባው ካገኛችኋት ደግሞ ስልኩን መቀማት ጥቅም የለውም፤ እኔ ቤት አልሠራም። ይልቅ እኔም አነበብኩትና ቡና ሲፈላ ስለ ሰውየው ባሕርይ ተከራከርን። «እንዲህ የሚቆጣጠር ወንድ በእውኑ ዓለም ቢመጣስ?» አልኳት። የመለሰችልኝ መልስ ከጠበቅሁት የበሰለ ነበር፤ ፈቃድ ስለሌለኝ እዚህ አልጽፈውም።

ልጆች ተረት የሚሰሙበት ምድጃ ዳር ጠፍቷል እያልን እናዝናለን። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን «የላም በረት» እያልን ያደግን ሰዎች ብናዝን አይፈረድብንም። ልጆቻችን ግን ተረት አልተዉም። በሌላ ቋንቋ፣ በሌላ አገር ዘንዶ ያነቡታል።

ለልጄ የሰጠኋት ምክር አጭር ነው። ዘንዶውን ለመድረስ አትሩጪ፤ እሱ ሄዷል። የጌሙን ዘመን መጠበቅ ከፈለግሽ የወንድምሽን ትከሻ ተደግፈሽ አንድ ሳምንት ተመልከቺ። ቋንቋውን በተመለከተ ግን አላዘዝኳትም፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሁለቱም ቋንቋ ጽፈሽ ለሦስት ጓደኞችሽ አስነብቢና የትኛውን ቀጥዪልን እንደሚሉሽ እይ አልኳት። ሁለቱ አማርኛውን መረጡ። ሦስተኛዋ እንግሊዝኛውን መርጣ ነበር፤ ቅዳሜ ዕለት ቤት መጥታ ግን «የጅቡ ቦታ ላይ አማርኛው ያስፈራል» ስትላት ከሳሎን ሆኜ ሰማሁ።

አሁን ምዕራፍ 7 ላይ ናት። ዘንዶው ወጥቷል። ጀግናዋ የቀጥቃጭ ልጅ ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ይላል፤ እሷ ደግሞ በእርግጥ መሆን ብትችል ብላ ትመኛለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳታሳትም አላሳይም ብላኛለች።